የመጥረጊያው ትምህርት፦ የኦምፕራካሽ ቫልሚኪ «ጁታን» እና የካስት ሥርዓት በሕንድ ትምህርት ቤት

የነጻዪቱ ሕንድ ሕገ መንግሥት በሥራ ላይ የዋለው ጃንዋሪ 26 ቀን 1950 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንቀጽ 17 ሰውን በትውልዱ ምክንያት «የማይነካ» ብሎ መለየትን ሽሯል፤ ይህን ልማድ ማስፈጸምንም በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ በሰሜን ሕንድ በኡታር ፕራዴሽ ግዛት፣ በሙዛፋርናጋር አውራጃ ባርላ በምትባል መንደር፣ ቹህራ ከሚባሉት የጠራጊዎች ወገን አንድ ሕፃን ተወለደ። ሕገ መንግሥቱና ሕፃኑ እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ይህ ሕፃን አድጎ ደራሲ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1997 በሕንዲ ቋንቋ «ጁታን» የተሰኘውን የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። ኦምፕራካሽ ቫልሚኪ ይባላል፤ በ2013 አርፏል። መጽሐፉ በ2003 በአሩን ፕራብሃ ሙከርጂ አማካይነት ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎመ ወዲህ ከሕንድም ውጭ ብዙ አንባቢ አግኝቷል።

ይህ መጽሐፍ ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ነው። ስለ ካስት የተጻፉ ጥናቶች ሞልተዋል፤ ካስት በሰሌዳና በመቀመጫ፣ በውሃ ቧንቧና በመምህር አርጩሜ እንዴት እንደሚሠራ እንዲህ አቅርበው የሚያሳዩት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ከመጽሐፉ ውስጥ አንባቢ የማይረሳው አንድ ታሪክ አለ። ርእሰ መምህሩ ልጁን ያስጠራና ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ከቹህራ መሆኑን ሲሰማ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ እንዲሰብር፣ መጥረጊያ እንዲያሥርና ትምህርት ቤቱን እንዲጠርግ ያዝዘዋል። ይህ የወገንህ ሥራ ነው ይለዋል። ሌሎቹ ልጆች ሲማሩ እርሱ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሎቹንና ሰፊውን ሜዳ ሲጠርግ ይውላል። በሦስተኛው ቀን ክፍል ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ቢቀመጥ፣ ርእሰ መምህሩ አንገቱን ይዞ እየጎተተ ያስወጣዋል። እንደ አጋጣሚ አባቱ በዚያ በኩል ሲያልፍ ልጁን አቧራ ለብሶ፣ መጥረጊያ ይዞ ሲያለቅስ ያየዋል፤ መጥረጊያውን ነጥቆ ይወረውርና በርእሰ መምህሩ ላይ ይጮኻል።

ደራሲው እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ታሪኩ የአንድ ጀግና አባት ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን የሚቀጥሉት ገጾች ከጩኸቱ የበለጠ ያስተምራሉ። ልጁና አባቱ ከትምህርት ቤቱ ይባረራሉ። አባትየው በመንደሩ መሬቱን ሁሉ በያዙት በቲያጊዎች ደጅ እየዞረ ይለምናል፤ ብዙዎቹም ለጠራጊ ልጅ ትምህርት ምን ያደርግለታል እያሉ ይመልሱታል። በመጨረሻ ከእነዚያው ከቲያጊዎች ወገን የሆነው የመንደሩ ሹም ባደረገው ድጋፍ ልጁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው መብት በተግባር የተገኘው በበላዩ ካስት ሰው በጎ ፈቃድ ነው። መብት በደጅ ጥናት የሚገኝ ሲሆን ምን ያህል መብት ሆኖ እንደሚቆይ አንባቢው ራሱ ይመዝን።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የነገሩ ሥር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ብረት ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በእጃቸው ሥራ ምክንያት ከጋብቻና ከማዕድ ማራቅ በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የታየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የሕንዱ ሥርዓት በስፋቱም ሆነ በሃይማኖታዊ ድጋፉ የተለየ ስለሆነ ንጽጽሩ ለመግቢያ ካልሆነ በቀር ከዚያ በላይ ሊለጠጥ አይገባውም። በሂንዱ ሥርዓት አራት ታላላቅ ደረጃዎች አሉ፤ ከላይ ካህናቱና ሊቃውንቱ ብራህማን፣ ቀጥሎ ተዋጊዎቹና ገዢዎቹ ክሻትሪያ፣ ከዚያ ነጋዴዎቹ ቫይሽያ፣ ከታች ደግሞ አገልጋዮቹ ሹድራ ይባላሉ። እነዚህም በተራቸው በሺህ ለሚቆጠሩ፣ እርስ በርስ ለማይጋቡ ወገኖች ይከፋፈላሉ። ከአራቱም ውጭ የተጣሉት፣ ጥንብ የሚያነሡት፣ ቆዳ የሚገፉት፣ ዓይነ ምድር የሚጠርጉት፣ ቀድሞ «የማይነኩ» ሲባሉ የኖሩትና ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ብለው የሚጠሩት ናቸው። በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ «የተመዘገቡ ካስቶች» በሚል የሕግ ስም የተቆጠሩት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 16.6 በመቶ ይሆናሉ። በዚያው ቆጠራ ከእነርሱ ማንበብና መጻፍ የሚችሉት 66.1 በመቶ ሲሆኑ የአገሪቱ አማካይ ግን 73 በመቶ ነበር።

«ጁታን» በሕንዲ ከሌላ ሰው ማዕድ የተረፈ፣ አፍ የነካው ምግብ ማለት ነው፤ በአማርኛ «ትራፊ» የሚለው ቃል ይቀርበዋል። የቹህራ ቤተሰቦች በቲያጊዎች ሠርግ ዕለት በደጅ ተቀምጠው ተጋባዡ በልቶ የተወውን በቅርጫት ይሰበስቡ፣ ቁራሹንም አድርቀው ለክረምት ያስቀምጡ ነበር። አንድ ቀን የደራሲው እናት ስትደክምበት በሰነበተችበት ሠርግ ላይ ለልጆቿ ጥቂት ንጹሕ ምግብ ብትለምን፣ የድግሱ ባለቤት የሞላውን የትራፊ ቅርጫት አሳይቶ ከዚህ በላይ እንዳትመኝ፣ ቦታዋንም እንዳትረሳ ይነግራታል። እናትየው ቅርጫቱን ደፍታ ልጆቿን ይዛ ትሄዳለች፤ ከዚያም ቀን ወዲያ ወደዚያ ደጅ አልተመለሰችም። ጥቂት አንቀጽ የማይሞላው ይህ ታሪክ ለመጽሐፉ ስም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። ትራፊ መብላት ለቹህራዎቹ ድህነት ብቻ አልነበረም፤ የበላዩን ክብር በየሠርጉ የሚያድስ ሥርዓትም ነበር። የድግሱ ባለቤት በእናቲቱ ላይ የተቆጣው ምግብ ስለጠየቀች ብቻ ሳይሆን እንደ ማንኛዋም እናት ስለጠየቀች ነው።

በክፍል ውስጥም ቢሆን ሥርዓቱ ያው ነው። ልጁ ከሌሎቹ ተለይቶ በባዶ መሬት ላይ፣ አንዳንዴም በበሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ ከዚያም ሆኖ በሰሌዳ ላይ የተጻፈው ፊደል ይደበዝዝበታል። ውሃ ሲጠማው ቧንቧውን መንካት አይፈቀድለትም። ይህ ከእርሱ በፊትም የነበረ ነው። የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት የመሩት ዶክተር ቢ. አር. አምቤድካር (1891–1956) በልጅነታቸው ከቤት ይዘውት በሚመጡት ጆንያ ላይ ለብቻቸው ይቀመጡ ነበር። ውሃ የሚጠጡት የትምህርት ቤቱ ተላላኪ ከላይ ሲያፈስላቸው ብቻ ስለነበር፣ ተላላኪው በቀረበት ቀን ሲጠሙ ይውሉ ነበር። በአምቤድካር ልጅነትና በቫልሚኪ ልጅነት መካከል ግማሽ ምእት ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አልፏል፤ ቅኝ ገዢው ሄዷል፤ ሕግ ተለውጧል። የተጠማው ልጅ ግን እዚያው ነው።

ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የድሮናቻሪያ ትምህርት የተሰጠበት ክፍለ ጊዜ ነው። ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የሕንድ ተረክ ውስጥ ድሮናቻሪያ የመሳፍንቱ የጦር መምህር ነው፤ ቀድሞ ድሃ ስለነበረ ለልጁ ወተት አጥቶ ዱቄት በውሃ በጥብጦ አጠጣው ይባላል። መምህሩ ይህን ሲያስተምር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ክፍሉም አዘነ። በዚህ ጊዜ ከበስተኋላ የተቀመጠው የጠራጊ ልጅ ተነሥቶ አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ የድሮናቻሪያ ልጅ ዱቄት በውሃ ከጠጣ እኛ ወተት ብለን የሩዝ ቅቅል ውሃ የምንጠጣው ለምን በአንድም ታሪክ አልተጻፍንም ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጥያቄውን እንደ ድፍረት ቆጠረውና ልጁን አጎንብሶ እንዲቆም አድርጎ ጀርባው እስኪሰነበር በአርጩሜ ገረፈው።

ቫልሚኪ ስለዚህ መምህር የጻፈው በቁጣ ነው፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ሆኖም ክፍሉ ከቁጣ አልፎ መነበብ ይገባዋል። መምህሩ ልበ ደንዳና አልነበረም፤ አልቅሷል። ያለቀሰው ግን በመጽሐፍ ውስጥ ለተራበ የብራህማን ልጅ ነው። ከፊቱ የተቀመጠውን ረሃብ ለማየት ያልቻለው ዓይኑ ስለታወረ ሳይሆን፣ ያደገበት ሥርዓት የማን ረሃብ ታሪክ እንደሚባልና የማን ረሃብ የተፈጥሮ ነገር እንደሚሆን አስቀድሞ ስለወሰነለት ነው። የበላይነት ጥቅም ማለት በመሬትና በሹመት ብቻ የሚቆጠር አይደለም፤ የራስ ኀዘን የሁሉ ኀዘን ሆኖ በመማሪያ መጽሐፍ መታተሙም ጥቅም ነው። ደግሞም ድሮናቻሪያ ማን እንደሆነ መዘንጋት አያስፈልግም። በዚያው ተረክ ከዝቅተኛ ወገን የተወለደው ኤካላቭያ ያለ መምህር፣ የድሮናቻሪያን ምስል ብቻ ከፊቱ አቁሞ ቀስት መወርወር ሲካን፣ ከመሳፍንቱ እንዳይበልጥ የቀኝ አውራ ጣቱን ቆርጦ እንዲሰጠው የጠየቀው እርሱ ነው።

ልጁ ወደ ከፍተኛ ክፍሎች ሲያልፍ አርጩሜው በሌላ መሣሪያ ይተካል። በ12ኛ ክፍል የኬሚስትሪ መምህሩ ልዩ ልዩ ምክንያት እየፈጠረ ወደ ቤተ ሙከራ እንዳይገባ ያደርገዋል፤ በሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶች ጥሩ ውጤት ያገኘው ተማሪ በኬሚስትሪ ተግባራዊ ፈተና ይወድቃል። በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚታየው መውደቁ ብቻ ነው፤ ተቆልፎበት የነበረው በር አይታይም። በሕንድ የትምህርትና የሥራ ፖሊሲ ክርክር ውስጥ «ችሎታ» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን ለመረዳት ለዕቅድ አውጪ ይህ አንድ ገጽ ብዙ ጥራዞችን ይተካል።

ክርክሩ አሮጌ ነው። ገና በ1951 የሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማድራስ ግዛት የኮሌጅ ቦታዎችን በየወገኑ የሚደለድልበትን ደንብ ሲሽር፣ በዚያው ዓመት በመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወደ ኋላ ለቀሩት ወገኖች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ተፈቀደ። ለተመዘገቡ ካስቶች 15 በመቶ፣ ለተመዘገቡ ጎሳዎች 7.5 በመቶ የሚሆን ቦታ በማዕከላዊ መንግሥት ሥራና በትምህርት ተቋማት ይጠበቅላቸዋል። በ1990 የጠቅላይ ሚኒስትር ቪ. ፒ. ሲንግ መንግሥት ከአሥር ዓመት በፊት የቀረበውን የማንዳል ኮሚሽን ዘገባ ተቀብሎ፣ ወደ ኋላ ለቀሩት ለሌሎቹ ወገኖችም 27 በመቶ የመንግሥት ሥራ እንዲጠበቅ ሲያስታውቅ ግን በሰሜን ሕንድ ከተሞች የበላይ ካስቶች ተማሪዎች ጎዳና ወጡ። ራሳቸውን ያቃጠሉም ነበሩ። ሌሎቹ ደግሞ መጥረጊያ ይዘው መንገድ ጠረጉ፤ ሊስትሮ ሆነው ጫማ አስዋቡ። መልእክታቸው ግልጽ ነበር፤ ቦታው ለእነዚያ ከተሰጠ የተማርነው እኛ ወደዚህ ሥራ ልንወርድ ነው የሚል ነው።

ያንን መጥረጊያ ከባርላው መጥረጊያ ጎን ማቆም ያስፈልጋል። የከተማው ተማሪ መጥረጊያውን ያነሣው ለአንድ ቀን ነው፤ ጋዜጠኛው ፎቶግራፍ ሲያነሣው ጥሎት ይሄዳል። መጥረጊያው ውርደት መሆኑን ማንም እንዲያስረዳው አላስፈለገውም፤ ውርደት መሆኑንም የተቃውሞው ኃይል አድርጎ ተጠቅሞበታል። ስለዚህም ትውልድ ሁሉ ሲጠርጉ የኖሩት ሰዎች በውርደት ውስጥ እንዳሉ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያወቀውን ግን እንደ ግፍ ሳይሆን እንደ ሥፍራ ቆጠረው፤ ለእነርሱ የተፈጠረ፣ ለእርሱ ያልተገባ ሥፍራ። በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። በ2019 በ103ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከነባሩ ድልድል ውጭ ለሆኑት፣ ማለትም በአመዛኙ ለበላይ ካስቶች ድሆች፣ 10 በመቶ ቦታ ሲጠበቅ፣ ችሎታ ወደቀ የሚለው የ1990ው ዓይነት የጎዳና ጩኸት አልተሰማም። ድሆቹን መርዳት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ የዝምታው ምክንያት ግን ሊጤን ይገባል።

ቫልሚኪ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ክፍል ከልጅነቱ ክፍል ጋር ሲመዛዘን ይላላል። ስለ ጽሑፍ ማኅበራትና ስለ ድራማ ጓደኞቹ የሚተርክባቸው ገጾች አንዳንዴ ወደ ስም ዝርዝር ያዘነብላሉ። ይሁን እንጂ በዚህም ክፍል ውስጥ ሊታለፍ የማይገባ አንድ ታሪክ አለ። በቦምቤይ አጠገብ ሲሠራ አንድ የተማረ የብራህማን ቤተሰብ ይወድደዋል፤ በቤታቸው ይበላል፤ የቤቱም ልጅ ትቀርበዋለች። በማሃራሽትራ «ቫልሚኪ» የሚለው ስም የብራህማን ስም መስሏቸው ነበር። በዚያ ቤት አንድን ዳሊት በተለየ ኩባያ ሻይ ሲያጠጡት አይቶ ይጨነቃል፤ በመጨረሻም ለልጅቱ እውነቱን ይነግራታል፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ዝምድናውም በዚያው ይቋረጣል። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልመታውም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንና ከዚያም በኋላ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ያስተማሩት ብዙዎቹ ሕንዳውያን መምህራን በየስማቸው መጨረሻ ይህን የመሰለ ምልክት ይዘው እንደመጡ ተማሪዎቻቸው የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም፤ ለሕንዳዊ ግን ስም የመታወቂያ ወረቀት ነው። ቫልሚኪም ስሙን እንዲለውጥ ከቤተሰቡ ሳይቀር ቢጎተጎትም እምቢ ያለው ለዚህ ነው። ተደብቆ የሚገኝ እኩልነት በተገለጠ ጊዜ እንደሚፈርስ በዚያ ቤት አይቷል።

በመጽሐፉ ላይ ከበድ ያለ ነቀፌታ የሚሰነዘርበት ስለ ሴቶቹ ነው። ቅርጫቱን የደፋችው እናት ናት። የስድስተኛ ክፍል መመዝገቢያ ገንዘብ ሲጠፋ የእግሯን የብር አልቦ አውልቃ የሰጠችው የወንድሙ ሚስት ናት። ከሞተ በሬ ቆዳ ገፍፎ ደም በደም ሆኖ ወደ ቤት ሲመለስ፣ እንራብ እንጂ ይህን ልጅ ወደዚህ ሥራ አታስገቡት ብላ ያለቀሰችውም እርሷው ናት። የልጁ ትምህርት የቆመው በእነዚህ ሁለት ሴቶች ላይ ነው፤ ደራሲው ግን ካደገ በኋላ ከትረካው ይርቃሉ፤ የራሳቸው ሐሳብ፣ የራሳቸው የትምህርት ዕድል ምን እንደነበረ አይጠይቅም። ከእርሱ በፊት በ1992 የታተመውን የባማን የታሚል ቋንቋ መጽሐፍ «ካሩኩ»ን ያነበበ ሰው የጎደለው ምን እንደሆነ በቀላሉ ያያል። ዳሊት ሴት ልጅ ሁለት በር ተዘግቶባት ነው ወደ ትምህርት ቤት የምትሄደው።

ሌላው ጥያቄ መጽሐፉ ከምስክርነት አልፎ ወደ መፍትሔ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ቫልሚኪ በወጣትነቱ በዴህራዱን አንድ ጓደኛው ስለ አምቤድካር የተጻፈ መጽሐፍ እስኪሰጠው ድረስ፣ በትምህርት ቤት ባሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ ያንን ስም አንድም መምህር አላነሣለትም ነበር። ስለ ጋንዲና ስለ ኔህሩ ተምሯል፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ግን አልተማረም። መልሱም በአብዛኛው አምቤድካር ከጻፉት ይገኛል። እርሳቸው በ1936 በላሆር ያሉ የበላይ ካስት ተወላጆች የመሠረቱት የተሐድሶ ማኅበር ንግግር እንዲያደርጉ ጋብዟቸው፣ ጽሑፉን አስቀድሞ ሲያይ ስብሰባውን ሰረዘ፤ አምቤድካርም «የካስት መደምሰስ» ብለው በራሳቸው ወጪ አሳተሙት። ማኅበሩ የፈለገው ካስት እንዲለዝብ ነበር፤ አምቤድካር ግን ካስት ሥራን ብቻ ሳይሆን ሠራተኞቹን ራሳቸውን ከፋፍሎ አንዱን በሌላው ላይ የሚደራርብ ስለሆነ ሊለዝብ አይችልም፣ በካስቶች መካከል ጋብቻ እስካልተለመደና ሥርዓቱን የሚቀድሱት መጻሕፍት ሥልጣናቸውን እስካላጡ ድረስ አይጠፋም ባይ ነበሩ። እንግዲህ ድልድሉ ለዳሊቱ ወንበር ያስገኝለታል፤ በወንበሩ አጠገብ የተቀመጠውን የበላይ ካስት ልጅ ግን ድልድሉ ብቻውን አያስተምረውም። ሥርዓተ ትምህርቱ የተዘጋጀው ለታችኛው ልጅ መውጫ እንዲሆን እንጂ ለላይኛው ልጅ መውረጃ እንዲሆን አይደለም፤ ችግሩም የቆየው በዚህ በኩል ነው።

ቫልሚኪ ኖሮ ቢሆን መጽሐፉ ላይ አንድ ምዕራፍ ሊጨምር ይችል ነበር። የሕንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2001 ባዘዘው መሠረት በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የበሰለ ምሳ ይሰጣል፤ ዓላማው ረሃብን ማስታገሥ ሲሆን ልጆችን በአንድ ማዕድ ማስቀመጡም ትልቅ ጥቅም ነው ተብሎ ነበር። በዲሴምበር 2021 ደራሲው ብዙ ዘመን በኖረበት በኡታራካንድ ግዛት፣ በቻምፓዋት አውራጃ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንዲት ዳሊት ሴት በወጥ ቤት ሠራተኛነት ስትቀጠር የበላይ ካስት ተማሪዎች የሠራችውን ምግብ አንበላም አሉ። ሴቲቱ ከሥራ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ የዳሊት ልጆች በበኩላቸው በምትኳ የመጣችው የበላይ ካስት ሴት ያበሰለችውን አንበላም ብለው ድስቱን ፊት ነሡት። ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ባለሥልጣኖች ከገቡበት በኋላ የተሰናበተችው ሴት ወደ ምድጃዋ ተመለሰች፤ ልጆቹም እንደገና አብረው መብላት ጀመሩ።